መንገዱ እንዴት ነበር

መስከረም 19

ጠዋት መድኃኒት። ጉልበቴን ቅባት አሸሁ። መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴ መጣ። ቁም ሣጥኑ ላይ የተከመረውን ጓዝ ላራግፍ ብዬ ካርታዬን አገኘሁት... ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ «ይውሰዱት ቲቸር፣ ከእርስዎ ሌላ የሚሰቅለው የለም» ብሎ የሰጠኝ የክፍል ካርታ። ሱዳንን አይጥ በልቷታል። ጎጃም ደህና ናት።

ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ሠላሳ አራት ዓመት እዚሁ ማርቆስ ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ በእንጨት እየነካሁ «ዓባይ ከየት ይነሳል?» እላለሁ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ከግሽ ዓባይ!» ይላሉ። የስንቱን ልጅ ጆሮ አደነቆርኩ በዚህች ጥያቄ። ታዲያ አንቺ ሴትዮ፣ ግሽ ዓባይን አይተሽዋል? አላየሁም። የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ስድሳ አምስት ዓመቴ። አያሳፍርም?

እንዳላማው ከፀጉር አስተካካዩ ተመለሰ። ባሌ አርባ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቷል፤ አዲስ አበባ፣ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር። እኔ በካርታ የማውቀውን እሱ በጎማ ያውቀዋል።

«ግሽ ዓባይ ሄደህ ታውቃለህ?»

«በቲሊሊ አልፌያለሁ። ወደ ላይ አልወጣሁም።»

«ቲሊሊ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

ያው። ሠላሳ ስምንት ዓመት «መንገዱ እንዴት ነበር?» ስል ኖርኩ፤ «ደህና» ሲል ኖረ። አንድ ጊዜ አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ ውስጥ ሁለት ቀን ቆሞበት መጣ። ልብሱ አፈር፣ ዓይኑ ደም። «ምን ሆነህ ነው?» «ምንም። ደህና ነው።» ወሬውን ከጎረቤት ነው የሰማሁት።

መስከረም 20

ልሄድ ነው። ወስኛለሁ። እሱም ይመጣል።

መስከረም 22

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለእትዬ አንጓች ነገርኳቸው። ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ከወገባቸው በቀር ምንም አይሉም። በደስታ አጨበጨቡ። «እሰይ! የዚያን ጠበል ስንት ዓመት ስመኘው ኖሬ! አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ወገቤ መድኃኒቱ እሱ ነው።» እኔ ስለ ወንዝ መነሻ ነው የማወራው፣ እሳቸው ስለ ጠበል። ይሁን። ሁለቱም ውኃ ነው።

ከሰዓት ሀጀራ ሱቅ ሄድኩ። ከቁይ ተድራ መጥታ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ወዳጄ ናት። ልጇን ፈሐድን አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬ ሱቁን የሚይዘው እሱ ነው፣ ግን እናትየው ከወንበሯ አትነሳም።

«እንሂድ» አልኳት።

«ወዴት?»

«ዓባይ የሚነሳበት።»

ሜትሩን አንገቷ ላይ እንደ ሐኪም አንጠልጥላ ሳቀች። «በሕይወቴ ከዚህ ወጥቼ የማውቀው ለጨርቅ ነው። መርካቶና ቤቴ። ውኃ ላይ ሄደሽ ማየት ብቻ? ምንም ሳትገዢ?»

«ምንም ሳትገዢ።»

ሜትሩን ጠቅልላ ፈታችና፣ «ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ አልሄድም። ከተቀመጥኩ አልነሳም።» ስለዚህ መጣች ማለት ነው።

እዚህ ማንም አያየኝምና ልጻፈው። ግሽ ዓባይን ማየት እፈልጋለሁ። ከሱ ይልቅ ግን እንዳላማው ከጎኔ ተቀምጦ ያየውን ነገር ሲነግረኝ መስማት እፈልጋለሁ። አንድ ቀን። ሳንሞት። አንዴ ብቻ ጀምሮት ነበር፣ ሙሽሮች ሳለን... እንግዶች ነበሩ፣ ስለ ባሕር ዳር ድልድይ ይሁን ምን... ከዚያ ተወው። ምን እንዳለ እንኳ ረስቼዋለሁ።

ጥቅምት 2

መኪና ተገኘ። ጌቱ የእንዳላማው የድሮ ረዳት ነበር፤ ዛሬ አርባ አምስት ዓመቱ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ የራሱ ሚኒባስ አለው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ድንች ለመጫን ቲሊሊ ይሄዳል። «ስሄድ ባዶዬን ነኝ ቲቸር፣ ነዳጅ ካገዛችሁኝ ይበቃኛል። እስከ ግሽ ዓባይ አወጣችኋለሁ። ስንመለስ ግን ከድንች ጋር ነው።»

«ድንች ምን ያደርገናል?»

«ቀኑን እርስዎ ይምረጡ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። ብቻ ድንቹ በተጫነ ማግስት ንጋት ላይ ማርቆስ መግባት አለበት፣ ተረካቢ አለኝ።»

ተስማማን። ማታ ዕቅድ አወጣሁ፣ ልክ እንደ ድሮው የትምህርት ዕቅድ፣ መስመር አስምሬ። አንድ ቀን ሙሉ መኪና ላይ መዋል ለኛ ወገብ አይሆንም። ስለዚህ ሰኞ ከምሳ በኋላ ተነሥተን ቡሬ ማደር፣ በማግስቱ ጠዋት ግሽ ዓባይ። በየሰዓቱ ወርዶ እግር ማፍታታት። ቆሎና ዳቦ ከቤት። ሦስታችን ሴቶች አንድ ሰፊ ክፍል፣ ወንዶቹ አንድ። ጋቢናው ለእትዬ አንጓች ወገብ። ክኒን የሁሉም ሰው በየስሙ በፌስታል።

ቡሬ ሆቴል ደወልኩ።

«ክፍሉ ምድር ላይ ነው?»

«አለ።»

«ሽንት ቤቱ መቀመጫ አለው?»

«አለው።»

«ይሠራል?»

«...ይሠራል።»

«ውኃ ይመጣል?»

«ማታ ማታ።»

«አልጋው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል?»

«ማዘር፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚደውሉት?»

ጥቅምት 5

በቀኑ ላይ ትንሽ ክርክር። እትዬ አንጓች «እዚያ የምንደርሰው ረቡዕ ይሁን፣ በጾሙ እንግባ» አሉ። እኔ ደግሞ በጾም ቀን ቁርስ የለ፣ ምግብ ይቸግራል፣ ክኒን የምንውጥ ሰዎች ነን። «ማክሰኞ ይሻላል እትዬ አንጓች።»

«እንዳልሽ።»

«እንዳልሽ» ሲሉ ከንፈራቸውን ያሾላሉ። አላየሁም አልኩ። ጥቅምት 28 ሰኞ መነሻ፣ 29 ማክሰኞ ግሽ ዓባይ። በቀይ ጻፍኩት።

ጥቅምት 9

ለእንዳላማው ነገርኩት። ሁሉን ነገር ጨርሼ፣ እንደ ድንገት።

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«መንገድ ጠግቤያለሁ። ሌላ ሰው ሲነዳ ደግሞ መቀመጥ አልችልም።»

«ለእኔ ስትል?»

«አንቺ ሂጂ። ማን ከለከለሽ?»

ተናደድኩ። አፌ ቶሎ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይላሉ። አንተ አርባ ዓመት ዞርክ፣ አሁን ማደሪያ ስታገኝ ራስህ ግንድ ሆንክ!» አልኩት። ሬዲዮውን ከፈተ።

ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሽንኩርት እንኳ አልነበረም የማሳብብበት።

ጥቅምት 18

ጌቱ መነሻ ሰዓቱን ሊነጋገር መጣ። ጠላ ቀዳሁለት። ይሄ ሰው ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ ምላሱ ይፈታል።

«ቲቸር ታድለዋል» አለ፣ «ይሄን የመሰለ ወሬ እየሰሙ መኖር!»

«የማን ወሬ?»

«የጋሼን ነዋ! ከደጀን ተነሥተን በረሃውን ወርደን ጎሃ ጽዮን እስክንወጣ ድረስ አያቋርጥም ነበር እኮ። የትኛው ጠመዝማዛ ላይ ማን ምን እንደሆነ፣ የትኛዋ ዛፍ ሥር ዝንጀሮ የማንን አገልግል እንደበላች... ተሳፋሪው ገደሉን ረስቶ ይስቃል። ጋቢና ለመቀመጥ ሰዉ ይጣላ ነበር፣ ወሬውን ለመስማት።»

እንዳላማውን አየሁት። ብርጭቆውን ነው የሚያየው።

ስለ ሌላ ሰው የሚያወራልኝ መሰለኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬ የተኛሁት ሰው ወሬኛ ነበር? ለማያውቀው ተሳፋሪ፣ ለደጀን ነጋዴ፣ ለመርካቶ ደላላ... ለኔስ? ለኔ «ደህና»? እውነቱን ልናገር፣ ሌላ ሴት አለችው ቢሉኝ እንዲህ አልቆስልም ነበር።

ጌቱ የሆነ ነገር ማበላሸቱ ገባው። ኋላ እንዳላማው «ከቲሊሊ በላይ ያለው ኮረኮንች ነው?» አለው።

«ነው ጋሼ።»

«ጎማህስ?»

«ደህና ነው።»

ተነሥቶ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ሚኒባሱን ዞሮ እያንዳንዱን ጎማ በእግሩ መታ፣ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰ። ገባና ቆሞ፣ «እሄዳለሁ» አለ።

«ለእኔ ብለህ?»

«የኋላ ግራው ጎማ ተልጧል። ይሄ ልጅ ሰው ይዞ እንዲህ ከሚወጣ...»

እሺ። ለጎማው ሲል ይምጣ።

ጥቅምት 24

ሕሊና ከአዲስ አበባ ደወለች። ልጄ ናት። «ማሚ፣ በድንች መኪና? እኔ ለገና በአውሮፕላን ላሊበላ እልካችኋለሁ፣ ትንሽ ጠብቂ።» ትንሽ ጠብቂ... ዕድሜዬን በሙሉ የጠበቅሁት አይበቃም? «ላሊበላንም እንሄዳለን፣ ይሄንንም እንሄዳለን» አልኳት።

እንዳላማው ሦስት ቀን ስልክ ላይ ነው። ለድሮ ጓደኞቹ ለሹፌሮቹ እየደወለ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ማን መቼ እንዳለፈ ይጠይቃል። በር ዘግቶ ነው የሚያወራው። ሳቁ ይሰማል።

ጥቅምት 28፣ ቡሬ

ደርሰናል። እግሬ አብጧል ግን ደህና ነኝ። ክፍሉ ምድር ላይ ነው። መቀመጫው ይሠራል። ሀጀራ ገብታ አይታ ወጥታ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ሁላችንም ሳቅን።

ሰባት ሰዓት ተኩል ተነሣን። እትዬ አንጓች ጋቢና፣ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ ሙሽራ። እኔና እንዳላማው ከሹፌሩ ኋላ። ሀጀራ ከኛ ኋላ ብቻዋን ሦስት ወንበር ይዛ ተዘርግታ። ከባሌ ጋር ጎን ለጎን መኪና ስቀመጥ ይሄ መጀመሪያዬ ነው። እሱ ሁሌ ፊት፣ እኔ ሁሌ ቤት።

ወይ ሰው! እግሩ ፍሬን ይረግጣል። ጌቱ ኩርባ በዞረ ቁጥር የእንዳላማው ቀኝ እግር ወለሉን እርግጥ! እጁ የፊት ወንበሩን ጭምድድ። አማኑኤልን አለፍን፣ ደምበጫን አለፍን። አንድ ቃል የለም።

«ምን እያየህ ነው?» አልኩት።

«ፍሬኑን።»

ፍኖተ ሰላም ወርደን እግር አፍታታን። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ሆነ። ወንበሩን የያዘው እጁ ላላ፤ በጎን መስኮት ማየት ጀመረ። ብዙ ቆይቶ፣ ለራሱ ይሁን ለእኔ እንጃ፣ «ይሄ ሁሉ ዛፍ ድሮም እዚህ ነበር?» አለ።

«አርባ ዓመት አልፈህበት?»

«አስፋልቱን ነዋ የማየው።»

ጠበቅሁ። ሌላ አልጨመረም። ቢሆንም ጻፍኩት፣ ቁጥር አንድ ብዬ።

ጥቅምት 29

ቤት ገብተናል። ደክሞኛል፣ ግን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ይደባለቅብኛል። ከመጀመሪያው።

ጠዋት ቁርስ። የምውጠውን መድኃኒት ስለማውቅ ለሁሉም ፍርፍርና ሻይ አዘዝኩ። «ባዶ ሆድ መንገድ የለም!» የክፍል አለቃ ሆኜ። ሀጀራ በላች፣ እኔ በላሁ፣ ጌቱ የሁለት ሰው በላ። እትዬ አንጓች «እኔ ጠበሉን ሳልነካ አልቀምስም» አሉ። እሳቸው መቼም ጾመኛ ናቸው ብዬ ተውኳቸው። እንዳላማውም ሳህኑን ገፋ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?»

«የጠገበ ሹፌር ይተኛል።»

«ሹፌሩ አንተ ነህ?»

«ልማድ ነው። መንገድ ላይ እስከ ቀትር አልበላም።»

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት የቋጠርኩለት ስንቅ እንዳለ ሲመለስ ምግቤን ንቆ ይመስለኝ ነበር! እንደገና ተናደድኩ። ይሄን እንኳ አይነግረኝም ነበር? ተኮራርፈን ተሳፈርን።

ከቲሊሊ ኮረኮንቹ ጀመረ። አቧራ፣ ገብስ፣ ባሕር ዛፍ፣ ብርዱ ደስ የሚል። የኋላ ግራ ጎማ ምንም አልሆነም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ልቤ እንደ ተማሪ ይመታል። ካርታዋን አጣጥፌ በቦርሳዬ ይዣታለሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አጥሩ በር ላይ አንድ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ተነሥተው ሰላም አሉንና፣

«እህል የቀመሰ አለ?»

ቀጥ አልኩ።

ጠበል ነው እኮ። ወይ ነዶ! ጠበል እህል ተቀምሶ አይገባም፤ ይሄን የማታውቅ የማርቆስ ሴት አለች? ዕድሜ ልኬን የማውቀው ነገር ነው። ሽንት ቤቱን ጠየቅሁ፣ የአልጋውን ቁመት ጠየቅሁ፣ ይሄን ግን... እኔ የመጣሁት ካርታዬ ላይ ያለችው ነጥብ ዘንድ ነው፣ ነጥብ ደግሞ ቁርስ አይከለክልም። ረቡዕ ብለውኝ ነበር እትዬ አንጓች። ረቡዕ ቢሆን ማናችንም አንቀምስም ነበር።

ምንም አልቀመስኩም ብል ማን ያውቃል? አሰብኩት፣ አልዋሽም። ግን ሠላሳ አራት ዓመት ኮራጅ ሳስወጣ ኖሬ... «ቀምሻለሁ አባቴ» አልኩ።

«ነገ ጠዋት ይምጡ እናቴ። ማን ይከለክልዎታል።»

ጌቱ አንገቱን ደፋ። ድንቹ። ዛሬ ተጭኖ ነገ ንጋት ማርቆስ መግባት አለበት፣ ተዋውለናል። እደሩ ብል ሁሉም እሺ ይሉኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ጌቱ ደንበኛውን ይጣ? አልኩት፣ «ተወው።»

እትዬ አንጓች ገና ድሮ ገብተዋል፣ ወገባቸውን ረስተው። እንዳላማው ቆሞ ያየኛል። እህል ያልቀመሰ እሱ ብቻ ቀርቷል።

«አንቺ ከቀረሽ እኔ ገብቼ ምን ልሠራ?»

«ግባ። ገብተህ ንገረኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ያየኸውን። ደህና ነው ብለህ ብትወጣ ግን በእግሬ ነው ማርቆስ የምገባው።»

ጫማውን አወለቀ። ገባ።

እኔና ሀጀራ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። «እኔስ ድሮም እዚህ ነው የምቀረው፣ አውቄ ነው የመጣሁት» አለች። «አንቺን ግን ምን አገኘሽ? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ጎረቤቴ ናት።» ሳቅን። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ሳላስበው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ሀጀራ የሻርፗን ጫፍ ሰጠችኝ። እዚያው ቁጭ ብላ ሣሩን፣ ኮረብታውን፣ ሰማዩን አየች። «ምንም ሳይገዙ መምጣትም ለካ ጥሩ ነው» አለች ኋላ።

ብዙ ቆየ። ሲወጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፣ እግሩ ጭቃ፣ ጫማው በእጁ፣ በሌላው እጁ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ። ፊቴ ቆመ። ተነፈሰ። አሁን «ደህና ነው» ሊል ነው አልኩ በልቤ።

«እውነትሽን ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«ከጣና አይደለም።»

አልገባኝም። ከጣና? ከዚያ... መጣልኝ። እነዚያ እንግዶች። በተጋባን በሁለተኛው ወር፣ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ቤታችን ሲጋበዙ። እንዳላማው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ዳር ነድቶ የመጣ ሰሞን። ድልድዩ ላይ ቆሞ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ማየቱን በእጁ እያሳየ ሲያወራ ነበር፣ ፊቱ በርቶ። «ዓባይ የሚነሳው ከጣና ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። እኔ ሳቅሁ። «እንዴ እንዳላማው! ተማሪዎቼ እንኳ ያውቁታል፣ ከግሽ ዓባይ ነው» አልኩ። ሰዎቹም ሳቁ። ከዚያ ዶሮ ወጡ ቀረበ። በቃ። እኔ በዚያው ረሳሁት።

ሠላሳ ስምንት ዓመት።

ቲሊሊ ድንቹ ተጫነ። ሀጀራ ጋቢና ከእትዬ አንጓች ጎን ገባች፤ የኋላ ወንበሮቹ ተነሥተው ኬሻው እስከኛ ድረስ ተደረደረ። እንዳላማው አንዱን ኬሻ በክንዱ ደግፎ ከጎኔ ተቀመጠ። መኪናው ሲነሣ ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። «ለዚህ ነው ያልነገርከኝ? ያን ሁሉ ዘመን?»

«አንቺ አስተማሪ ነሽ። እኔ ስድስተኛ ክፍል። ስለ አገር ለአንቺ ምን እነግርሻለሁ?» ኬሻውን አስተካከለ። «ተሳፋሪ አያርምም።»

«አጠፋሁ» አልኩት። «እንዳላማው፣ አጠፋሁ። ይቅር በለኝ።»

«ያን ኬሻ ያዢው፣ እንዳይወድቅብሽ።»

ያዝኩት። ከዚያ ጀመረ። «አጥሩን አልፈሽ ስትገቢ መሬቱ እርጥብ ነው፤ ሣር ይመስላል ግን ስትረግጪው ይሰምጣል። ብዙ ውኃ ጠብቄ ነበር። ድምፅ የለውም። ወንዝ የሚያህል ነገር እንዲህ ዝም ብሎ ይጀምራል ብሎ ማን ያስባል? አፉ እኮ ይችን ታህላለች» አለና ሁለት እጁን ዘረጋ፣ መሪ እንደያዘ ሰው። «የድሮዋን አውቶቡሴን መሪ።» ውኃው እጁን ሲነካው ምን ያህል እንደቀዘቀዘ፣ እትዬ አንጓች ሲጠመቁ እንዴት እንደጮኹ፣ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከየት አገር በእግሯ እንደመጣች... ቡሬን አለፍን፣ ወሬው አልቆመም። ስለ ባሕር ዳሩ ድልድይ እንደገና ነገረኝ፣ ያን ቀን ካቋረጥኩበት ጀምሮ። እትዬ አንጓች ከጋቢና ዞረው እየሰሙ ነው። እግሩ ፍሬን አልረገጠም።

ከፍኖተ ሰላም በኋላ በቀኝ በኩል አንድ ተራራ አሳየኝ። «ያ ጮቄ ነው።»

ጮቄ በግራ ነው። በምሥራቅ። ያሳየኝ ሌላ ነው።

ምላሴን ነከስኩ። «ትልቅ ነው» አልኩ።

ጥቅምት 30

ጠዋት እህል ሳልቀምስ ከጠርሙሱ ጠጣሁ። ክኒኑ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። ቀዝቃዛ። ውኃ ውኃ ይላል።

አላየሁትም። አልቆጭም ብል ውሸት ነው፣ ይቆጨኛል። ግን አንድ ሰው ስለ ግሽ ዓባይ ቢጠይቀኝ አሁን ከመጽሐፉ በላይ የምለው አለኝ።

ኅዳር 1

እትዬ አንጓች አጥር ላይ ሆነው፣ «ወገቤ ለቀቀኝ!» አሉ። ከሰዓት «ተመለሰብኝ» አሉ። ሀጀራ ሱቋን ለፈሐድ ለአንድ ቀን ሙሉ ሰጥታ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች አሉ። ምንም ሳትሸጥ።

ኅዳር 3

ቅዳሜ። እንዳላማውን ሽንኩርት እንዲገዛ ገበያ ላክሁት። አራት ሰዓት ወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገባ። በር ላይ ሳገኘው ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ቁጭ በይ» አለ። ቁጭ አልኩ። አንዲት በቅሎ አስፋልት አልሻገርም ብላ ገበያውን እንዴት እንዳቆመችው፣ ከአምበር የመጣ አንድ ሰውዬ ሙክቱን ሦስት ጊዜ ሸጦ ሦስት ጊዜ እንዴት እንዳፈረሰ፣ ከደብረ ወርቅ የመጣ የድሮ ተሳፋሪው በድምፁ አውቆት አንገቱን አቅፎ እንዴት እንዳለቀሰ። በቅሎዋን ሆኖ አሳየኝ፣ በዚያ ዕድሜው። ስንት ሰዓት እንዳወራ አላውቅም። የተጣደው የሽሮ ውኃ ሊደርቅ ነበር።

«ሽንኩርቱስ?» አልኩት በመጨረሻ።

«የቱ ሽንኩርት?»

ሽሮውን ያለ ሽንኩርት ሠራሁት። ደህና ነበር።